የአኩሪ አተር ትል ምንድን ነው?

በሐዋሳ ዙሪያ የተበላ ቅጠል በታየ ቁጥር ከሰው አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል «ተምች» ነው። የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. አገራችን ገብቶ በቆሎውን ካጠቃ ወዲህ ስሙ የትል ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። አኩሪ አተር ለዘራ ሰው ግን ይህ ስም ጉዳት ያመጣል፤ በዚህ ሰብል ላይ የሚወጡት ትሎች የሚበሉት የተክል ክፍል ይለያያል፣ መከላከያቸውም እንዲሁ።

ሁሉም የእሳት እራት ልጆች ናቸው። እናቲቱ በጨለማ መጥታ እንቁላሏን ጥላ ስለምትሄድ ገበሬው የሚያገኘው ልጇን ብቻ ነው። አባጨጓሬ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጸጉራሙንና የሚያሳክከውን ነው፤ አኩሪ አተርን በብዛት የሚጎዱት ግን ጸጉራቸው እምብዛም የማይታይ ናቸው።

ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው፤ ከምልክቶቹ ሁሉ የሚያሳስተውም እሱ ነው። ፍሬ በሳ የሆነው ጓይ ትል በአንድ ማሳ ውስጥ አረንጓዴም፣ ቡናማም፣ ቀላ ያለም ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ትሉን ገልብጣችሁ ሆዱን እዩ። ከራሱ ሥር ያሉት ሦስት ጥንድ ሹል እግሮች በሁሉም ላይ አሉ። ልዩነቱ ከእነዚያ ኋላ ባሉት አጫጭርና ሥጋማ እግሮች ላይ ነው። በሆዱ መካከል አራት ጥንድ፣ በጅራቱ አንድ ጥንድ ካለው ጓይ ትል ወይም ከተምች ወገን ሊሆን ይችላል። በሆዱ ላይ ሁለት ጥንድ ብቻ ካለው ግን ሌላ ነው፤ መካከሉ ደጋፊ ስለሌለው ጀርባውን እንደ ቀስት እያጎበጠ፣ ጨርቅ በስንዝር እንደሚለካ ሰው ይሄዳል። ይህኛው በዋናነት ቅጠል በል ነው።

አራት ጥንድ ካላቸው መካከል መጤው ተምች በግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የመሰለ ነጣ ያለ መስመር፣ በጅራቱ አጠገብ ደግሞ አራት ማዕዘን የሠሩ አራት ጥቁር ነጥቦች አሉት። የጥጥ ቅጠል ትል የሚባለው ዘመዱ እንቁላሉ በክምር ተጥሎ በጸጉር የተሸፈነ ነው፤ ጫጩቶቹም መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ተሰብስበው ሥጋውን በልተው ጅማቱን ያስቀራሉ። ጓይ ትል እንቁላሉን የሚጥለው በተናጠል ነው። ሲያድግ ፍሬ መያዣውን ይበሳል፤ ራሱን ውስጥ ከትቶ ጀርባውን ውጭ ትቶ ሲበላ ታገኙታላችሁ።

እኔ የምፈራው ይህን ነው። የተበሳሳ ቅጠል ያስደነግጣል እንጂ አኩሪ አተር ከማበቡ በፊት ከቅጠሉ ሲሶ ያህል ቢያጣ እንኳ ብዙ ጊዜ ያገግማል። የተበላ ፍሬ ግን አይተካም። ጓይ ትል ደግሞ በብዙ አገር ፀረ ተባይ በመላመድ የታወቀ ነው፤ ፍሬው ውስጥ ከገባ በኋላ የሚረጨው መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም፤ ትሉን የሚበሉትን ጠቃሚ ነፍሳት ግን ይፈጃል።

ለመቁጠር ነጭ የማዳበሪያ ከረጢት ቀድዳችሁ በመስመሩ ሥር አንጥፉና አንድ ሜትር ያህል ተክል በኃይል አራግፉ። በማሳው ዳርም መሐልም ድገሙት። ርዝመታቸው ከአንድ ሳንቲ ሜትር በታች የሆኑትን በተለይ ፈልጉ፤ መከላከል የሚቀለው ያኔ ነው። ሦስት ሳንቲ ሜትር ያለፈ ጓይ ትል ብዙውን በልቶ ጨርሷል፤ ወደ አፈር ወርዶ ሊለወጥ ተቃርቧል።

ቅጠል ላይ ተጣብቆ የደረቀ፣ ነጭ ዱቄት የለበሰ ትል ካገኛችሁ የገደለው ሻጋታ ነው፤ በእርጥብ ወራት ከትል ወደ ትል ይዛመታል። እንዲህ ያሉት ከበረከቱ የጀርባ መርጫውን አውርዳችሁ ሦስት አራት ቀን ጠብቁና እንደገና አራግፋችሁ ቁጠሩ።