ጉዳት ወይስ ልዩነት? የኤልዛቤት ባርንስ ፍልስፍና

«አካል ጉዳት» የሚለው ቃላችን ፍርዱን ከነስሙ ይዞ ነው የሚመጣው። አካሉ የተለየ ሰው ስለ ኑሮው አንድ ቃል ሳይተነፍስ እኛ «ተጎድቷል» ብለን ጨርሰናል። አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ኤልዛቤት ባርንስ የምትጨቃጨቀው ከዚሁ ፍርድ ጋር ነው፣ በሌላ ቋንቋ ቢሆንም። ጥያቄዋ አጭር ነው። የሰው አካል ከብዙኃኑ መለየቱ ብቻውን፣ ሌላ ነገር ሳይታከልበት፣ ኑሮውን ያከፋበታል ወይ?

ባርንስ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ፕሮፌሰር ናት፤ ቀደም ሲል እንግሊዝ አገር በሊድስ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለች። የጀመረችው በሥነ ምግባር አልነበረም። ሜታፊዚክስ ላይ፣ ማለትም ዓለም በመሠረቱ ምን ዓይነት ነው በሚለው የፍልስፍና ዘርፍ ላይ ነበረች፣ ያውም ድንበራቸው የደበዘዘ ነገሮች ላይ። ስንት ፀጉር ሲቀረው ነው ሰው መላጣ የሚባለው? ብዥታው ያለው ቃላችን ውስጥ ነው ወይስ ዓለሙ ራሱ ውስጥ? እንዲህ ያለውን ስታብላላ የኖረች ሰው ናት በኋላ ወደ አካል ጉዳት የዞረችው፤ እሷ ራሷም አካል ጉዳተኛ መሆኗን በግልጽ ጽፋለች።

ፍልስፍና ለዚህ ጥያቄ ሲሰጥ የኖረው መልስ «ምን ጥያቄ አለው፣ ያከፋል እንጂ» የሚል ነው። አርስቶትል «ፖለቲካ» በተሰኘው ሥራው፣ አካሉ ጎዶሎ ሆኖ የተወለደ ሕፃን እንዳያድግ ሕግ ይውጣ እስከማለት ደርሷል። በእኛ ዘመን ደግሞ ፈላስፋው ፒተር ሲንገር ከባድ ጉዳት ይዞ በተወለደ አራስ ሕይወት ላይ ወላጆች መወሰን መቻል አለባቸው ብሎ ብዙ ሰው አስቆጥቷል። ሃሪየት መክብራይድ ጆንሰን የተባለች በዊልቸር የምትንቀሳቀስ ጠበቃ በ2002 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዳ ፊት ለፊት ሞግታዋለች። አካል ጉዳት መኖር አለመኖሩን አይቶ ሰው ደህና ይኖራል አይኖርም ማለት አይቻልም የሚል ነበር ክርክሯ።

ባርንስ ይህንን ሐሳብ ነው ሥርዓት ያስያዘችው። በ2016 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው «ዘ ማይኖሪቲ ቦዲ» የተሰኘው መጽሐፏ ሁለት አመለካከቶችን ይለያል። አንደኛው «ክፉ ልዩነት» ልንለው የምንችለው ነው፤ አድልዎ ቢጠፋ፣ ሕንፃው ሁሉ መወጣጫ ቢሠራለት እንኳ አካል ጉዳተኛ መሆን በራሱ ኑሮን ያከፋል ይላል። የሷ ግን «ተራ ልዩነት» ነው፤ አካል ጉዳት ሰውን የተለየ ያደርገዋል እንጂ በራሱ ኑሮውን አያከፋበትም። ልብ በሉ፣ ችግር የለም አላለችም። ዓይነ ስውር ሰው የፀሐይ መጥለቅን አያይም፤ ያ ማጣት ነው። ወንድም ፅንስ በሆዱ ሲንቀሳቀስ ምን እንደሚሰማ አያውቅም፤ ያም ማጣት ነው፣ ግን ወንድ ሆኖ በመወለዱ የሚያለቅስለት የለም። በአንድ በኩል የሚያጎድል ነገር ሕይወትን በጠቅላላው ያጎድላል ማለት አይደለም። የሕመሙንና የድካሙን ጥፋት በሙሉ ኅብረተሰቡ ላይ አትደፋም፤ ችግሩ ከአካሉ ሳይሆን ከኅብረተሰቡ አሠራር ነው ከሚለው፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በብሪታንያ ከተስፋፋው «ማኅበራዊ ሞዴል» የምትለየውም እዚህ ላይ ነው።

ለእኔ የሥራዋ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነው፦ ማን ይመስክር የሚለው ላይ። በ1999 አልብሬክት እና ዴቭሊገር የተባሉ ተመራማሪዎች 153 አካል ጉዳተኞችን አነጋግረው ነበር፤ ከባድ ጉዳት ካለባቸው 54.3 በመቶው ኑሯችን ጥሩ ወይም እጅግ ጥሩ ነው አሉ። ተመራማሪዎቹ ውጤቱን «የአካል ጉዳት ፓራዶክስ» አሉት፣ እርስ በርሱ የሚቃረን የሚመስል ነገር ለማለት። ፓራዶክስ የሆነው ለማን ነው? ለኗሪዎቹ አይደለም። «ለምደውት ነው እንጂ» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል፤ ቀበሮዋ ወይኑን መድረስ ሲያቅታት ጎምዛዛ ነው እንዳለችው። ባርንስ እዚህ ላይ አትለቅም። ሴት ወይም የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ የሆነ ሰው «በማንነቴ ደስተኛ ነኝ» ሲል ለምዶት ነው ብለን ምስክርነቱን እንጥላለን? ካልጣልን፣ የአካል ጉዳተኛውን ብቻ የምንጥለው ኑሮው ክፉ ነው ብለን አስቀድመን ስለደመደምን ነው። ሊረጋገጥ የሚገባውን ነገር ማስረጃ አደረግነው ማለት ነው። ፈላስፋዋ ሚራንዳ ፍሪከር በ2007 ስለ ምስክርነት ኢፍትሐዊነት፣ ማለትም ሰው በማንነቱ የተነሳ ቃሉ ስለማይታመንበት በደል የጻፈችው እዚህ ባርንስን ያግዛታል።

ነገሩ የክፍል ውስጥ ጨዋታ ብቻም አይደለም። በ1992 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የኦሪገን ግዛትን የሕክምና ቅደም ተከተል ዕቅድ (ለየትኛው ሕክምና አስቀድሞ ይከፈል የሚለውን የሚደረድር) ውድቅ ያደረገው፣ ዕቅዱ የአካል ጉዳተኞች ኑሮ ምን ያህል ዋጋ አለው የሚለውን በከፊል ሕዝቡን ጠይቆ ስለመዘነ ነበር።

ተቃውሞው ጠንካራ ነው። ፈላስፎቹ ጋይ ካሃኔ እና ጁሊያን ሳቩሌስኩ እንዲህ ብለው ያፋጥጣሉ፦ ተራ ልዩነት ከሆነ ሰውን አካል ጉዳተኛ ማድረግ ምን ክፋት አለው? ሕክምናስ ለምን? ባርንስ የምትመልሰው የሰውን አካል ያለፈቃዱ መቀየር በራሱ በደል ነው፣ ለውጡም ዋጋ ያስከፍላል ብላ ነው። ለአዋቂ ይህ በደንብ ይሠራል። ገና ምንም ያልለመደ ሕፃን ላይ ስንደርስ ግን ክሩ ይቀጥናል፣ እኔን ሙሉ በሙሉ አላሳመነችኝም።

ከዚያ የባሰ የሚያከራክረው ትርጓሜዋ ነው። አካል ጉዳት ማለት፣ በአጭሩ፣ የአካል ጉዳተኞች መብት ንቅናቄ ፍትሕ ከሚፈልግላቸው የአካል ሁኔታዎች አንዱ ነው ትላለች። ንቅናቄው ከመወለዱ በፊትስ? ንቅናቄው የዘነጋው ሰውስ? ደግሞም መጽሐፉ የሚያወራው ስለ አካል ብቻ ነው፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ውስጥ አይገባም። ያንን ለማንበብ የሚፈልግ ወደ ፈላስፋዋ ኢቫ ኪታይ ይሂድ፤ ከባድ ውስንነት ያለባት ልጅ እናት ናት፣ ስለ እንክብካቤና ጥገኝነት የጻፈችውም ከዚያ ኑሮ ነው።

ባርንስ በ2023 «ሄልዝ ፕሮብሌምስ» የሚል ሌላ መጽሐፍ አወጣች። ጤና ከሚለው ቃል የምንጠብቀው ነገር እርስ በርሱ ስለሚጋጭ፣ ሁሉንም የሚያረካ አንድ ትርጓሜ አይገኝለትም፤ ጤና ግን እውነተኛና አስፈላጊ ነገር ነው ትላለች። ዞራ ዞራ ድንበራቸው ወደደበዘዘው ነገሮች ተመለሰች።