የእንጨት መስመር ያላቸው አሮጌ የመዳብ ሳንቲሞች

ከመዳብ ቅይጥ የተሠሩ አንዳንድ አሮጌ ሳንቲሞች ዕድሜያቸው እየገፋ ሲሄድ እንደ ተላገ ጣውላ ጎን ለጎን የሚሄዱ፣ ጠቆርና ፈካ ያሉ ቡናማ መስመሮች ይወጡባቸዋል። ሰብሳቢዎች የእንጨት መስመር የሚሉት ይህን መልክ ነው። በዚህ መልክ ይበልጥ የታወቁት የአሜሪካ ባለ አንድ ሳንቲሞች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ውስጥ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሳን ፍራንሲስኮ የታተሙት አጥብቀው ይፈለጋሉ።

የመስመሮቹ ምንጭ ማቅለጫው ነው። ከ1864 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካ አንድ ሳንቲም 95 በመቶ መዳብ፣ ቀሪው ቆርቆሮና ዚንክ ከሆነ ነሐስ ይሠራ ነበር። ብረቶቹ በደንብ ሳይዋሐዱ ሲቀሩ ቅይጡ አንዱ ቦታ መዳብ የበዛበት፣ ሌላው ቦታ ያነሰበት ይሆናል፤ ከዚያም በመዳመጫ እየተዳመጠ ስስ ዝርግ ሲሆን ይህ ያልተዋሐደ ክፍል በተዳመጠበት አቅጣጫ እየተሳበ ይረዝማል። ምስል የሚታተምባቸው ክቦች የሚቆረጡት ከዚሁ ዝርግ ነው። አዲሱ ሳንቲም ላይ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ጎልቶ አይታይም፤ አየርና እርጥበት ለዓመታት ሲነካው ግን እያንዳንዱ መስመር እንደ ቅይጡ መጠን በየራሱ ፍጥነት ይጠቁራል።

ቪክተር ዴቪድ ብሬነር የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት የሊንከንን ምስል የቀረጸበትንና በ1909 የወጣውን ሳንቲም በማጉያ መነጽር የተመለከተ ሰው ነገሩን በግልጽ ይረዳዋል። መስመሩ ከምስሉ ኋላ ካለው ባዶ ቦታ ተነሥቶ በሊንከን ጉንጭና ትከሻ ላይ ሳይቋረጥ ያልፋል፣ ፊደላቱንም ተሻግሮ እስከ ጠርዙ ይዘልቃል፤ ምስሉ ከመታተሙ በፊት በብረቱ ውስጥ ነበረና። ጭረት ግን ከፍ ያለውን ክፍል ልጦ ዝቅ ያለውን ይዘለዋል፣ የጣት አሻራም ይጠማዘዛል። ክቡ ወደ ማተሚያው የሚገባው እንደ አጋጣሚው ዞሮ ስለሆነ መስመሩ በአንዱ ሳንቲም ላይ አግድም፣ በሌላው ላይ ቀጥ ብሎ፣ በሌላው ላይ ደግሞ ሰያፍ ሆኖ ይገኛል። በኬሚካል ወይም በሙቀት የተሰጠ ቀለም ይህን ሥርዓት ጠብቆ ማስመሰል ይከብደዋል።

ዋጋን በተመለከተ የመጀመሪያውን ቦታ የሚይዙት የታተመበት ዓመት፣ የማተሚያ ቤቱ ምልክትና ሳንቲሙ ምን ያህል እንደተበላ ነው። የብሬነርን ስም መጀመሪያ ፊደላት ይዞ በ1909 በሳን ፍራንሲስኮ የወጣው ሳንቲም 484,000 ብቻ ስለታተመ መስመር ኖረውም አልኖረውም ውድ ነው። ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች ከ1 እስከ 70 በሚደርስ መለኪያ ይመዝናሉ፤ የመዳብን ቀለምም ቡናማ፣ ቀይ ቡናማና ቀይ ብለው ይለያሉ። የእንጨት መስመር በዚህ ክፍፍል የራሱ ቦታ ስለሌለው ጭማሪውን የሚወስነው የገዢው ዓይን ነው። ቀይነቱን የጠበቀ ሳንቲም በገበያ የተሻለ ቢያወጣም፣ ሁለት አንድ ዓይነት የማይገኝለት ባለ መስመሩ በመሆኑ ከዚህ የሚበልጥ ክብር ይገባዋል። ከ1982 ወዲህ ሳንቲሙ መዳብ የተለበጠ ዚንክ ስለሆነ ይህ መልክ ከአዲሶቹ አይጠበቅም።

ለኢትዮጵያዊ ሰብሳቢ ቅርብ የሆነ ዘርፍም አለ። 1936 ዓ.ም. የሚል ቀን ከያዙት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመዳብ ሳንቲሞች አንዳንዶቹ የታተሙት በአሜሪካ፣ በፊላደልፊያ ነው። መጀመሪያ ክብ የነበረው ስሙኒ ብር እየተቀባ በሽልንግ ስም ይተላለፍ ስለነበር በኋላ ጠርዙ ሞገድ እንዲሆን ተደርጓል።

እነዚህን ሁሉ ሳንቲሞች ፈጽሞ ማጽዳት አይገባም። ሎሚና ኮምጣጤ ዓመታት ያስገኙትን ስስ ሽፋን ወዲያውኑ አንሥተው ሮዝማ፣ ሕይወት የሌለው ብረት ያስቀራሉ፤ በጨርቅ ማሸትም እንዲሁ ያበላሻል። ቅባት ካለበት ብቻ ሳይታሽ ቅባት በሚያሟሟ ንጹሕ ፈሳሽ፣ በአሴቶን፣ መንከር ይቻላል። ሳንቲሙ ሁልጊዜ በጠርዙ ይያዛል፤ ለስላሳ የፒቪሲ ፕላስቲክ አረንጓዴ ዝቃጭ ስለሚያመጣ፣ ማስቀመጫው ከዚህ የጸዳና ደረቅ ቦታ ላይ የሚቀመጥ ሊሆን ይገባል።