ፍልውሃ እና ጸበል አንድ ነው እንዴ?

ይሄ ጥያቄ ስለተደጋገመ ላብራራው። ፍልውሃ ማለት ከመሬት ውስጥ ሞቆ የሚወጣ ማዕድን ያለው ውሃ ነው፣ ማንም ባይጸልይበትም ሙቅ ነው። ጸበልን ጸበል የሚያደርገው ግን ጸሎቱና እምነቱ ነው እንጂ ሙቀቱ አይደለም፣ የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል እኮ አጥንት ድረስ ነው የሚበርደው! ለምሳሌ እቴጌ ጣይቱ ይታጠቡበት የነበረው የአዲስ አበባው ፍልውሃ ዛሬ ከፍለህ የምትገባበት መታጠቢያ ነው፣ ደቡብ ጎንደር ደራ ያለው ዋንዛዬ ግን ፍልውሃም ነው ጸበልም ይሉታል፣ ሰውን ግራ የሚያጋባው እንደሱ ያለው ነው። ሙቅ ውሃ የመገጣጠሚያ ህመምን ቀለል እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ስንት ቀን ነው የሚገባው፣ 7 ነው 14 የሚለው ግን እንደቦታው ይለያያል። ብቻ መድሃኒት የጀመርክ አታቋርጥ፣ አቡነ ጳውሎስም እኮ ጸበሉንና የኤችአይቪ መድሃኒቱን አብራችሁ ውሰዱ ብለው ነበር።