የግፊት ፍተሻ ምንድን ነው? አሮጌ ቱ-ስትሮክ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ለምን አየር ይነፋበታል

የግፊት ፍተሻ ማለት የቱ-ስትሮክ ሞተር መግቢያና መውጫው ተደፍኖ፣ ትንሽ አየር ተነፍቶበት፣ አየሩን ይዞ መቆየት አለመቆየቱ የሚታይበት ሥራ ነው። ሞተሩ አይነሳም፣ ቤንዚንም አያስፈልግም። የሚፈለገው ግፊት 0.4 ባር ገደማ ብቻ ነው፤ የመኪና ጎማ ከሚነፋበት ግፊት አንድ አምስተኛውን እንኳ አይሞላም። አሮጌ ቬስፓ፣ ያማሃ ዲቲ ወይም ጃዋ ታድሶ ሲገጣጠም ካርቡሬተር ከመነካካቱ በፊት መደረግ ያለበት ይህ ነው። የሚያሳዝነው ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ከቆመ በኋላ መሆኑ ነው።

ፍተሻው ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ካርተሩ (ከሲሊንደሩ ሥር ያለው የሞተሩ ቤት) ውስጥ ያለውን ሥራ ማየት ይበቃል። ፎር-ስትሮክ ሞተር ላይ ካርተር የዘይት ማጠራቀሚያ ነው። ቱ-ስትሮክ ላይ ግን ካርተሩ ራሱ ፓምፕ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከሥሩ ያለው ቦታ ይሰፋና ከካርቡሬተሩ አየር፣ ቤንዚንና ዘይት ይስባል፤ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ የሳበውን ጨምቆ በጎን መተላለፊያዎች ወደ ሲሊንደሩ ይልካል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዙር ካርተሩ ውስጥ አንዴ መሳብ አንዴ መግፋት አለ። አንድ ቦታ ላይ ቀዳዳ ካለ ሞተሩ በሚስብበት ቅጽበት በቀዳዳው አየር ይገባል። ያ አየር በካርቡሬተር አላለፈም። ቤንዚንም ዘይትም የለውም።

ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። ድብልቁ ቤንዚን ሲያንሰው ሙቀቱ ይጨምራል። በ1 ለ 50 ድብልቅ (ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት) የሚሠራ ሞተር ላይ ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ፣ ከሚገባው አየር አንጻር ቤንዚኑ ሲያንስ ዘይቱም አብሮ ያንሳል። የአሉሚኒየም ፒስተን በሙቀት የሚሰፋው ከብረት ሲሊንደሩ በእጥፍ ገደማ ነው፤ በሁለቱ መካከል የተተወው ክፍተት ደግሞ በብዙ አየር የሚቀዘቅዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ከ0.04 እስከ 0.06 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ ሲጠፋ ፒስተኑ መጀመሪያ የሚነክሰው በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል ነው፤ ከሁሉ የበለጠ የሚግለው እዚያ ነውና።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ሁለቱም አይጠቅሙም። አንደኛው ዘይት አብዝቶ መቀላቀል ነው። በካርቡሬተሩ ጄት (ቤንዚኑ በሚለካባት ትንሽ ቀዳዳ) በኩል የሚያልፈው ፈሳሽ መጠኑ ያው ስለሆነ፣ ዘይቱ ሲበዛ ቤንዚኑ ይቀንሳል፤ ድብልቁም ይብሱን ይሳሳል። ሁለተኛው ዋናውን ጄት ማተለቅ ነው። ሾልኮ የሚገባው አየር ሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ላይና ጋዝ በትንሹ ሲከፈት ከጠቅላላው ትልቁን ድርሻ ይይዛል፤ ጋዝ ሙሉ ሲከፈት ድርሻው ያንሳል። ማሸጊያው ላስቲክ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝም ቀዳዳው መጠኑን ይለዋውጣል። ለሚለዋወጥ ቀዳዳ የሚሆን ጄት የለም። ቀዳዳው ሳይደፈን ካርቡሬተር ማስተካከል ጊዜና ፒስተን ማባከን ነው ብለን እናምናለን።

አየር እየገባ መሆኑን ከሚጠቁሙ ምልክቶች ዋናው ጋዝ ሲለቀቅ ሞተሩ ቶሎ አለመውረዱ ነው፤ ለጥቂት ሰከንድ እየጮኸ ይቆይና ቀስ ብሎ ይመለሳል። ሚኒሞ ዛሬ ተስተካክሎ ነገ ይዛባል። ካንዴላው ነጣ ብሎ ይወጣል። ቀዳዳው በፍሪሲዮን በኩል ያለው ኦይል ሲል (ፒስተኑ በሚያዞረው ዘንግ፣ በክራንክ ሻፍቱ ዙሪያ ያለው የማሸጊያ ላስቲክ ቀለበት) ከሆነ ግን መልኩ ሌላ ነው፦ ሞተሩ የሚስበው አየር ሳይሆን የካምቢዮ ዘይት ስለሚሆን ጭሱ ነጭና ወፍራም ይሆናል፣ ካንዴላው ይረጥባል፣ የካምቢዮው ዘይትም ወደ ውጭ ሳይፈስ ይጎድላል። የኮምፕሬሽን ልኬት ይህን ችግር አያሳይም። እሱ የሚለካው ከፒስተኑ በላይ ያለውን ነው፤ ኮምፕሬሽኑ ጥሩ የሆነ ሞተር ሥሩ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል።

መሣሪያው ውድ አይደለም። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የሚሸጥ ፓምፕ አለ፤ ከፋርማሲ የሚገዛ ባለ መርፌ የደም ግፊት መለኪያ ግን ሥራውን በትክክል ይሠራል። መለኪያው እስከ 300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያነባል፤ 300 ማለት ደግሞ 0.4 ባር ማለት ነው፣ እኛ የምንፈልገው ግፊት። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ይወጣል፤ በእጅ የሚጨመቀው ፓምፕና መለኪያው በባለ ሦስት አፍ መገናኛ ከአንድ ቱቦ ጋር ይያያዛሉ። የቱቦው ጫፍ ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው በአሮጌ ካንዴላ ነው፦ ነጩ ሸክላ ተሰብሮ ይወጣና በብረቱ ውስጥ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ይበየዳል። ቬስፓም ሆነ ዲቲ የካንዴላ ጥርሳቸው ባለ 14 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንዴ የተሠራው ለብዙ ሞተር ያገለግላል። ሞተሩ ላይ ከመግጠም በፊት ግን መሣሪያው ራሱ ይፈተሽ፤ የቱቦው ጫፍ በጣት ተይዞ እስከ 300 ይነፋ፣ መርፌው ካልተንቀሳቀሰ ደህና ነው። ይህ ከተዘለለ የፓምፑ ቫልቭ እያስተነፈሰ ያልተበላሸ ሞተር ሊፈታ ይችላል።

ከዚያ ማርሚታው ይፈታል። መውጫው ላይ ከአሮጌ ጎማ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ይደረግና በላዩ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት በራሱ ፕሪጆኒዬሮዎች (ቋሚ ብሎኖች) ይታሰራል። ካርቡሬተሩ ይወጣል፤ የካርቡሬተሩ መያዣ ላስቲክ ግን ቦታው ላይ ይቆያል። የላስቲኩ አፍ በልኩ በተቆረጠ የጎማ መወተፊያ ይደፈንና በፋሼታ (በማጥበቂያ ቀለበት) ይጠበቃል። ላስቲኩን አውጥቶ ካርተሩን መድፈን ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ግን ራሱ ላስቲኩ ስለሆነ እሱን ሳይጨምር የተደረገ ፍተሻ ግማሽ ነው። ያማሃ በ1964 በዋይኤ-6 ላይ ያስተዋወቀው አውቶሉብ (ዘይቱን በራሱ ፓምፕ የሚያደርስ ሥርዓት) ያለባቸው ሞተሮች ላይ ደግሞ ከዘይት ፓምፑ ወደ መግቢያው የምትሄደው ቀጭን ቱቦ ትወጣና ቀዳዳዋ ይደፈናል።

ፒስተኑ ወደ ታችኛው ጫፍ ይወርዳል። እዚያ ሲሆን የጎን መተላለፊያዎቹ ክፍት ስለሆኑ በካንዴላው የገባው አየር እስከ ካርተሩ ይደርሳል። መግቢያው በፒስተኑ ቀሚስ (በታችኛው ጎኑ) የሚዘጋ ሞተር ከሆነ አየሩ ወደ መያዣ ላስቲኩ የሚያልፈው በቀሚሱ ዙሪያ ቀስ ብሎ ነው፤ ስለዚህ መርፌው መጀመሪያ ትንሽ ቢወርድ አያስደነግጥም፤ እንደገና እስከ 300 ተነፍቶ ከዚያ ይቆጠር። ሥራው በጥላ፣ በቀዘቀዘ ሞተር ይደረግ። ፓምፑ አነስተኛ አየር ስለሚገፋ ደጋግሞ መጭመቅ ግድ ነው፤ ትዕግሥት አጥቶ ኮምፕሬሰር መሰካት ግን ደህና የነበረውን ኦይል ሲል ከቦታው ገፍቶ ያስወጣል። ከ0.5 ባር ማለፍ አያስፈልግም።

አሁን ሰዓት ይያዛል። በተለምዶ የሚፈቀደው በደቂቃ እስከ 50 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ መውረድ ነው። ይህ ግን ለሚሠራ ያረጀ ሞተር የሚሆን ወሰን ነው። አዲስ ኦይል ሲልና ጓርኒሲዮን (በሁለት ክፍሎች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) የገባበት ሞተር በ6 ደቂቃ ውስጥ ከ30 በላይ ከወረደ መፈለግ ያለበት ነገር አለ። ፈጥኖ የሚወርድ ከሆነ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውኃ ተበጥብጦ በብሩሽ ይቀባል፦ መጀመሪያ የራሳችን መድፈኛዎች፣ ከዚያ የመያዣ ላስቲኩና የሚቀመጥበት ፊት፣ የሲሊንደር ሥር ጓርኒሲዮን፣ ቴስታታ (የሲሊንደሩ ክዳን)፣ ካርተሩ ለሁለት የሚከፈልበት መስመር ከላይ እስከ ታች። አረፋ የነፋበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ቮላኖው (በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ያለው ከባድ ክብ ብረት) ከወጣ በኋላ የክራንክ ሻፍቱ ዙሪያም ሳሙና ይቀባል፤ እዚያ ያለው ደረቁ ኦይል ሲል ነው። በፍሪሲዮን በኩል ያለውን ሳሙና መቀባት ስለማይቻል የካምቢዮው መተንፈሻ ላይ ቀጭን ቱቦ ተሰክቶ ጫፉ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ የዘይት መሙያው ክዳን መዘጋቱ ይረጋገጥ። ውኃው ውስጥ አረፋ ብልጭ ብልጭ ካለ ያ ኦይል ሲል አልቋል። ካርተር ሳይከፈት ይህን ያህል እርግጠኛ የሚያደርግ ሌላ ዘዴ አናውቅም።

ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ያማሃ አርዲ 350 በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ማሸጊያ ላስቲክ ሳይሆን ጉድጓድ ጉድጓድ ያለበት ብረት ነው፤ በሥሪቱ ትንሽ ያሳልፋል። አንዱን ጎን ብቻ ነፍቶ «አይዝም» ማለት ስህተት ነው። ሁለቱም ሲሊንደሮች ተደፍነው አንድ ላይ ይፈተሹ።

አየር መንፋት ብቻውን የማይገልጠው አንድ ነገርም አለ። የኦይል ሲሉ ከንፈር ወደ ካርተሩ የዞረ ስለሆነ ግፊት ሲመጣበት ክራንክ ሻፍቱን ይበልጥ ይጨብጣል፤ ሲሳብ ግን ይላላል። የደነደነ ኦይል ሲል በግፊት አልፎ በመሳብ ሊወድቅ ይችላል። በእጅ የሚሠራ የቫኪዩም ፓምፕ ካለ በዚያው ቱቦ እስከ 0.3 ባር ያህል ተስቦ ለተመሳሳይ ደቂቃ ይታይ። ለዓመታት ቆሞ የነበረ ሞተር ከሆነ ይህን መዝለል አንመክርም፤ ላስቲክ የሚደነድነው ቆሞ ሲከርም ነውና። አዲስ አበባ ላይ ለዓመታት እንደተደረገው ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚንም የድሮ ላስቲኮችን ይጎዳል፤ ሲቀየሩ ቫይተን ከሚባለው ላስቲክ የተሠራ ቢገኝ ይሻላል።

ኦይል ሲል ሲቀየር ልኩ ፊቱ ላይ ተጽፏል፦ 25-40-8 ቢል የውስጥ ስፋቱ 25፣ የውጭው 40፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ከውጭ የሚደረስበት ከሆነ ፊቱ ላይ በ2 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ቀዳዳ ይከፈትና ቪቴ ገብቶ በፒንሳ ይጎተታል፤ መሰርሰሪያው ክራንክ ሻፍቱንም ኋላ ያለውን ኩሽኔታም መንካት የለበትም። ሁሉም ግን ከውጭ አይደረስበትም። ቬስፓ ፒኤክስ ላይ በቮላኖ በኩል ያለው ይወጣል፤ በፍሪሲዮን በኩል ያለው ከኩሽኔታው ወዲያ ስለሆነ ካርተሩ ካልተከፈለ አይነካም። አዲሱ ሲገባ ከንፈሩ ግሪስ ይቀባል፤ ክራንክ ሻፍቱ ላይ ያለው የቁልፍ መያዣ ጉድጓድና የጥርሱ ስለት ከንፈሩን እንዳይቆርጠው በፕላስተር ይሸፈናል። ክራንክ ሻፍቱ ላይ አሮጌው ከንፈር የፈተገው ጎድጓዳ መስመር በጥፍር ከተሰማ፣ ቦታው ከፈቀደ አዲሱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይቀመጥ፤ ያረጀው መስመር ላይ አዲስ ሲል አይይዝም። ብዙ ሞተሮች ከሲሉ ኋላ ለኩሽኔታው ዘይት የምታደርስ ትንሽ ቀዳዳ አላቸው፤ ሲሉ በጣም ገብቶ እንዳይደፍናት መጠንቀቅ ነው።

ቀዳዳው ጓርኒሲዮን ከሆነ ማጣበቂያ መለቅለቅ መፍትሔ አይደለም። ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጥና ይላቀቃል፤ ቁራጩም በመተላለፊያው ወደ ፒስተኑ ይሄዳል። መስታወት ላይ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ዘርግቶ ፊቱን ክብ ክብ እያሹ ማስተካከል፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ማድረግ፣ ዳዶዎቹን በመስቀለኛ በሁለት ሦስት ዙር ማጥበቅ ነው የሚያዋጣው። የመያዣው ላስቲክ ደግሞ በእጅ ተጣጥፎ ይታይ፤ ስንጥቁ ሳይታጠፍ አይታይም።

ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ የካርቡሬተር ማጽጃ እየረጩ ድምፁ መለወጡን ማዳመጥ የለመዱ አሉ። የጋለ ማርሚታ አጠገብ ተቀጣጣይ ነገር መርጨት እሳት ያስነሳል፤ የፍሪሲዮኑን በኩል ደግሞ ጨርሶ አይደርስበትም። ፒስተን ነክሶ የሚፈታ ሞተር ከሆነ ፍተሻው ሲሊንደሩ ከመነሳቱ በፊት፣ ሁሉም ነገር እንዳለ ይደረግ፤ ከተፈታ በኋላ ምክንያቱ አብሮ ይፈታና ይጠፋል። ከታደሰ ሞተር ላይ ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ የቴስታታው ዳዶዎች በቀዝቃዛው እንደገና ተጠብቀው አንዴ ይደገም። መርፌው ከቆመ፣ ካርቡሬተሩን ማስተካከል ከዚያ ይጀመራል።