አማዞን ፕራይም ምንድን ነው? 139 ዶላሩስ ያዋጣል?

አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ በር ላይ ቡናማ ካርቶን ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ከካርቶኑ ጀርባ ብዙ ጊዜ በዓመት 139 ዶላር ወይም በወር 14.99 ዶላር ከካርድ ላይ የሚቆረጥ ክፍያ አለ። አማዞን የተባለው የኢንተርኔት ሱቅ አባልነት ነው፤ ፕራይም የሚባለው እሱ ነው። ዘመድም ጓደኛም ስለሱ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ያዋጣል እንዴ?» መልሱ ከሰው ሰው ይለያያል። አሰላሉ ግን ለሁሉም አንድ ነው። እሱን ላስረዳችሁ።

አማዞን ፕራይምን የጀመረው በየካቲት 2005 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ዋጋው በዓመት 79 ዶላር ነበር። የሚሰጠውም አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ዕቃ በሁለት ቀን በነጻ ማድረስ። ዋጋው በ2014 ወደ 99፣ በ2018 ወደ 119፣ በ2022 ደግሞ ወደ 139 ዶላር ወጣ። በመሃል ፊልም ተጨመረ፣ ሙዚቃ ተጨመረ፣ የፎቶ ማስቀመጫ ተጨመረ። አንዳንድ ነዳጅ ማደያዎች ላይ በጋሎን 10 ሳንቲም ቅናሽም አለው። ዝርዝሩ ሲረዝም ግን ስሌቱ ይወሳሰባል። ሰው ዝርዝሩን ያይና «ይሄ ሁሉ በ139 ዶላር!» ይላል። የምትጠቀሙበት ስንቱን ነው? መነሻው እዚህ ጋ ነው።

እኔ ይህን ነገር ለራሴ የማስረዳው በዕድር ነው። ዕድር ላይ በየወሩ ትከፍላላችሁ። ሰላም ሆናችሁ ዓመቱ ካለፈ ተመስገን ትላላችሁ እንጂ «ገንዘቤ ባከነ» አትሉም። ከፍያለሁና ልጠቀምበት ብሎ ሐዘን የሚፈልግ የለም። የግዢ አባልነት ላይ የምናደርገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ከከፈልን በኋላ ገንዘባችንን ለማስመለስ እንገዛለን። «መላኪያው ፍሪ ነው» እያልን የ9 ዶላር ዕቃ እናዛለን። ነገ ደግሞ ሌላ። ሌላ ሱቅ ገብቶ ዋጋ ማነጻጸርም ቀስ በቀስ ይቀራል። ይህ የእኛ ድክመት ብቻ አይደለም፤ አባልነቱ ከመነሻው ደንበኛን አንድ ቤት ለማላመድ የታሰበ ነው። ስለዚህ ብዙ ማዘዛችሁ በራሱ አባልነቱ እንዳዋጣ አያሳይም። ያለ አባልነቱም ትገዙት የነበረውን ዕቃ ብቻ ነው መቁጠር ያለባችሁ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። አባል ያልሆነ ሰውም አሜሪካ ውስጥ አማዞን ራሱ የሚልካቸውን ዕቃዎች 35 ዶላርና ከዚያ በላይ ካዘዘ መላኪያ አይከፍልም። የሚለየው ፍጥነቱ ነው፤ ጥቂት ቀናት ይዘገያል። ስለዚህ የ60 ዶላር ጫማ ስታዙ ፕራይም ያተረፈላችሁ ገንዘብ የለም። ያተረፈላችሁ ቀን ነው። በገንዘብ የሚያተርፍላችሁ ከ35 ዶላር በታች የሆነ፣ ከሌላ ዕቃ ጋር አጠራቅሞ ማዘዝም የማይቻል፣ አስቸኳይ ትዕዛዝ ላይ ብቻ ነው።

ባለፈው ጥር ሻይዬን ይዤ ቁጭ አልኩና የዓመት ትዕዛዞቼን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አካውንታችሁ ውስጥ የትዕዛዞች ዝርዝር አለ፤ ዓመቱን መምረጥ ነው። 46 ሆኑ። 27ቱ ከ35 ዶላር በላይ ነበሩ፤ ያለ ፕራይምም በነጻ ይመጡ ነበር። ከቀሩት 19 ውስጥ 12ቱ ባትሪ፣ ካልሲ፣ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር ነው። አንድ ሳምንት ቢቆዩ የሚጎዳኝ ነገር የለም፤ በአንድ ላይ ባዛቸው ኖሮ 35 ዶላሩን ያልፉ ነበር። 7 ብቻ ቀሩ። ስልኬ ሊዘጋ ሲል ያዘዝኩት ቻርጀር፣ ልጄ ማታ 3 ሰዓት ላይ «ለሐሙስ ያስፈልገኛል» ያለችኝ የትምህርት ቤት ቀለም፣ እነዚህ ናቸው። መላኪያው በአማካይ 7 ዶላር ነው ብንል 7 ጊዜ 7፣ 49 ዶላር። የ49 ዶላር ጥቅም በ139 ዶላር ገዝቻለሁ ማለት ነው። በዚሁ 7 ዶላር ብናሰላ 139ኙ የሚመለሰው በ20 አስቸኳይና ትንንሽ ትዕዛዝ ነው። በወር ሁለት ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ሕፃን ልጅ ያለበት ቤት ይህን በቀላሉ ያልፋል። መኪና የሌላት፣ ሁለት ሥራ የምትሠራ እናትም እንዲሁ። ለእሷ አንድ ጊዜ ሱቅ ደርሶ መመለስ የአውቶቡስ ሂሳብና የሁለት ሰዓት ዕረፍት ነው፤ ያንንም ቁጠሩት።

ፊልሙስ? ፕራይም ቪዲዮ ለብቻው በወር 8.99 ዶላር ነው፤ በዓመት 107.88። እውነት ለብቻው ከፍላችሁ ታዩት ከነበረ ይህን ከ139ኙ ቀንሱ፤ 31.12 ይቀራል፣ አምስት አስቸኳይ ትዕዛዝ ይሸፍነዋል። ግን ለራሳችሁ እውነቱን ንገሩ። ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ከፈታችሁት? ከጥር 2024 ጀምሮ ማስታወቂያ ይገባበታል፤ እንዲቀር ከፈለጋችሁ ተጨማሪ ክፍያ አለ። ቤታችሁ ቲቪ ላይ የሚታየው ዩቲዩብና የሐበሻ ድራማ ከሆነ ይህ ጥቅም ለእናንተ ዜሮ ነው። በዜሮ አስሉት።

የሚያሳዝነኝ ነገር ቅናሽ የሚገባቸው ሰዎች ሙሉ ዋጋ ሲከፍሉ ማየት ነው። ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ወይም የምግብ እርዳታ ካርድ ያለው ሰው ፕራይም አክሰስ በሚባለው በኩል በወር 6.99 ዶላር ብቻ ይከፍላል። በዲቪ የመጣ፣ ገና በመቋቋም ላይ ያለ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ አለው፤ የሚነግረው ግን የለም። ተማሪዎችና ከ18 እስከ 24 ዓመት ያሉ ወጣቶች ደግሞ በወር 7.49 ወይም በዓመት 69 ዶላር ነው። ኮሌጅ የገባ ልጅ ካላችሁ ዛሬውኑ ንገሩት። የአጎት ልጅ አካውንት ላይ ተደርቦ መጠቀም ግን እየቀረ ነው። ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ነጻ መላኪያውን ማካፈል የሚቻለው አንድ ቤት አብሮ ለሚኖር ሰው ነው።

አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ። የፕራይም ነጻ መላኪያ ኢትዮጵያ አይደርስም። ዕቃው የሚያርፈው አሜሪካ ባለው ዘመድ አድራሻ ነው፤ ከዚያ በሰው ሻንጣ ይመጣል። ተጓዡ የሚነሳው ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሆነ የሁለት ቀኑ ፍጥነት ምን ይጠቅማል? ያለ አባልነት የታዘዘውም በጊዜው ይደርሳል። ለዘመድ ሲባል ብቻ ፕራይም መግባት አያስፈልግም።

በወር ይሻላል ወይስ በዓመት? በወር መክፈል ዓመቱን ሙሉ ከሆነ 179.88 ዶላር ይመጣል፤ ከዓመታዊው በ40.88 ይበልጣል። ግን በዓመት ውስጥ የምትፈልጉት እስከ ዘጠኝ ወር ብቻ ከሆነ በወር መክፈሉ ይሻላል፤ 134.91 ነው። ለአንድ ወር ገብቶ መውጣትም ይቻላል። ሰው የሚሳሳተው መውጣቱን ሲረሳ ነው። ለአዲስ አባል የሚሰጠው የ30 ቀን ነጻ ሙከራ እንዳለቀ ካርዱ ላይ መቆረጥ ይጀምራል።

መውጣቱ ራሱ ቀላል አልነበረም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በሰኔ 2023 አማዞንን ከሰሰ። ሰዎችን ሳያውቁት አባል ታደርጋለህ፣ መሰረዝ ሲፈልጉም ታንገላታለህ ነው ክሱ። በመስከረም 2025 ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ተስማማ። 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ፣ 1 ቢሊዮኑ ቅጣት ነው። «አልፈልግም» የሚል ግልጽ ቁልፍ እንዲያስቀምጥ፣ ስረዛውንም እንዲያቀልም ታዘዘ። ይህን የማነሳው ካርዳቸው ላይ የማያውቁት ክፍያ አይተው በራሳቸው ያፈሩ ሰዎች ስለማውቅ ነው። አታፍሩ። ደግሞ ታድሶ ከተቆረጠባችሁና ከዚያ ወዲህ ምንም ካልተጠቀማችሁበት ሙሉ ገንዘቡ ይመለስላችኋል፤ ጠይቁ።

የሌሎች ሱቆች አባልነቶችም በዚሁ ሚዛን ይለካሉ። ዎልማርት ፕላስ በዓመት 98 ዶላር ነው፤ አስቤዛ ቤት ድረስ እንዲመጣላችሁ ለምትፈልጉ ይሻላል፣ የመንግሥት እርዳታ ላለው ደግሞ ዋጋው በግማሽ ይቀንሳል። ዕቃ በብዛት የሚሸጠው ኮስትኮ 65 ዶላር ነው፤ ትልቅ ቤተሰብ፣ ትልቅ ማቀዝቀዣና መኪና ላለው። ጤፉንና በርበሬውን እንደሆነ የምንገዛው ከሐበሻ ሱቅ ነው፤ አንዳቸውም ጋ አትቁጠሩት።

እኔ ዘንድሮ አላደስኩም። ፍሪጁ ላይ አንዲት ወረቀት ለጥፌያለሁ፤ የሚያስፈልገንን እንጽፍባታለን፣ 35 ዶላር ሲሞላ እናዛለን። ልጄ ድንገት ቀለም ስትፈልግ ሰፈር ያለው ሱቅ እሄዳለሁ። ክረምት አገር ቤት ከሄድን ሰኔ ላይ ለአንድ ወር በ14.99 እከፍተዋለሁ፣ የመሰረዣውን ቀንም በዚያችው ደቂቃ ስልኬ ላይ እመዘግባለሁ።