ፈርንና ቀንድ አውጣ በጎጃም

ፈርን ተክል ነው፤ ትንሿ የየብስ ቀንድ አውጣ ደግሞ እንስሳ። በዝምድና የሚያገናኛቸው ነገር ባይኖርም፣ በጎጃም የደብር ደኖችና በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት የቡና ጥላ ሥር ክረምት ሲገባ አንድ ግንድ ተጋርተው ይገኛሉ። ሁለቱም ከእርጥበት ርቀው መራባት አይችሉም።

በኢትዮጵያ ደኖች ከሚገኙት ፈርኖች አንዱ አስፕሌኒየም ኤቲዮፒኩም ነው። በዛፍ ቅርፊትና በዓለት ስንጥቅ ይበቅላል፤ ስርጭቱም እስከ ደቡብ አፍሪካ ይዘልቃል። አበባም ፍሬም የለውም። ቅጠሉ ሲገለበጥ ግን በጀርባው ቡናማ ሰረዞች ተደርድረው ይታያሉ። በሽታ የመታው ይመስላል እንጂ ስፖር፣ ማለትም ፈርን የሚራባበት ደቃቅ ብናኝ፣ የሚበስልባቸው ከረጢቶች ናቸው። በነፋስ የተበተነው ስፖር እርጥብ ቦታ ሲያርፍ በቀጥታ ፈርን አይሆንም፤ በመጀመሪያ ከጣት ጥፍር የምታንስ፣ መሬት ላይ የተለጠፈች አረንጓዴ አካል ትወጣለች። የወንዴው ሕዋስ በዚህች አካል ላይ ወደ ሴቴው የሚደርሰው በስስ ውሃ ውስጥ ዋኝቶ ነው። ትልቁ ፈርን የሚበቅለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዝናብ ከቀረ ሁሉም ይቀራል።

ቀንድ አውጣዋ ለጉዞዋ የሚያስፈልጋትን እርጥበት ራሷ ታመነጫለች፤ የምትንሸራተተው ከእግሯ በሚወጣ ዝልግልግ ፈሳሽ ላይ ነው። ይህ ፈሳሽ ውሃዋን ስለሚጨርስባት ፀሐይ ሲከር አትንቀሳቀስም። አብዛኞቹ የየብስ ቀንድ አውጣዎች በሳንባ ይተነፍሳሉ፤ ወንዴነትና ሴቴነትም በአንድ አካል ይዘዋል፤ እንቁላላቸውንም እርጥብ አፈር ውስጥ ይጥላሉ። ትንንሾቹ በአብዛኛው የበሰበሰ ቅጠልና ሻጋታ ይመገባሉ።

በጋውን የሚያልፉበት መንገድ ይለያያል። ዛፍ ላይ ከሚኖሩ ፈርኖች አንዳንዶቹ ቅጠላቸውን ጠቅልለው ይደርቃሉ፤ ዝናብ ሲነካቸው መልሰው ይዘረጋሉ። ቀንድ አውጣዋ ወደ ዛጎሏ ገብታ አፉን በደረቀ ዝልግልግ ትዘጋለች፤ ከቅርብ ሲያዩት እንደ ስስ ወረቀት ነው።

ዋናው ልዩነታቸው ኖራ ላይ ነው። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ብዙው ቀይ አፈር አሲዳማ በመሆኑ ገበሬው ማሳው ላይ ኖራ ይበትናል። ብዙ ፈርኖች እንዲህ ያለ አፈር አያስቸግራቸውም። የቀንድ አውጣዋ ዛጎል ግን የሚሠራው ኖራ ውስጥ ከሚገኘው ማዕድን፣ ከካልሲየም፣ ስለሆነ ኖራ ባጣ አፈር ዛጎሏ ይሳሳል፤ ቁጥሯም ይመናመናል። የኖራ ድንጋይ በዓባይ ሸለቆ ሞልቷል፤ እዚያ ደግሞ ሙቀቱና ድርቀቱ ይበረታባታል። ስለዚህ በደጋው ደን የምትኖረው ካልሲየሙን በአመዛኙ ከረገፈ ቅጠል ትለቅማለች፤ የሞቱትን ባዶ ዛጎል የምትፍቅበትም ጊዜ አለ።