«ፋንታስቲክ ዴቴክቲቭ» ምንድን ነው?

ሩሲያውያን የሳይንስ ልብወለድን «ፋንታስቲካ» ይሉታል። የወንጀል ምርመራ ልብወለድ ደግሞ «ዴቴክቲቭ» ነው። ሁለቱ ሲጋቡ «ፋንታስቲክ ዴቴክቲቭ» ይወለዳል። ወንጀል አለ፣ መርማሪ አለ፣ ተጠርጣሪዎች አሉ። መልሱ ግን ከምናውቀው ዓለም ውጭ ሊሆን ይችላል።

ጋብቻው ሲያዩት ቀላል ይመስላል እንጂ ከባድ ነው። የመርማሪ ልብወለድ ደራሲና አንባቢ ተዋውለው የሚገቡበት ጨዋታ ነው። አንባቢው ፍንጭ ለቃቅሞ ገዳዩ ላይ ራሱ መድረስ መቻል አለበት። እንግሊዛዊው ቄስና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለዘርፉ አሥር ትእዛዛት ሲያወጣ፣ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል እንዳይገባ ከልክሏል። እውነቱን ነው። መጨረሻ ላይ «ሰይጣን ነው የገደለው» ከተባለ ያን ሁሉ ገጽ ለምን ደከምን?

በሶቪየት ኅብረት ዘመን ሁለት ወንድማማቾች ይህን ክልከላ አውቀው ተዳፈሩት። አርካዲና ቦሪስ ስትሩጋትስኪ ይባላሉ። አርካዲ የጃፓንኛ ተርጓሚ ነበር፤ ቦሪስ ደግሞ የሥነ ፈለክ ባለሙያ። እ.ኤ.አ. በ1970 «ዩኖስት» በተባለው መጽሔት ላይ «የሟቹ ተራራ ወጪ ሆቴል» የተሰኘ ልብወለዳቸው በተከታታይ ወጣ። ንዑስ ርዕሱ ለመርማሪ ልብወለድ አንድ ተጨማሪ ፍትሐት እንደማለት ነው።

አጀማመሩ የለመድነው ዓይነት ነው። የፖሊስ ኢንስፔክተሩ ፒተር ግሌብስኪ ለእረፍት በረዶ የለበሰ ሸለቆ ውስጥ ወዳለ ሆቴል ይሄዳል። የበረዶ ናዳ መንገዱን ይዘጋል። ከእንግዶቹ አንዱ ኦላፍ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ ሞቶ ይገኛል። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል።

ከዚህ በኋላ ታሪኩን እስከ ጫፉ ስለምናገር፣ ማንበብ የምትፈልጉ እዚህ ላይ አቁሙ።

ፍንጮቹ በግልጽ ተቀምጠዋል። ሲሞኔ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ከእንግዶቹ አንዷን፣ የአቶ ሞዘስን ሚስት ወይዘሮ ሞዘስን፣ በሌሊት ሞታ አገኛት፤ ትንሽ ቆይታ ግን ደህና ሆና ብቅ አለች። ግሌብስኪ ይህን ሁሉ በፖሊስ ዓይን ይመረምራል፤ የጣት አሻራ፣ ቁልፍ፣ ማን የት ነበር። መልሱ ግን እዚያ አልነበረም። ኦላፍና ወይዘሮዋ ሮቦቶች ናቸው። አቶ ሞዘስ ከሌላ ዓለም የመጣ ታዛቢ ነው። ሳያውቅ የወንበዴ ቡድን መጠቀሚያ ሆኖ፣ ነገሩ ሲገባው የሸሸ። ለመትረፍ የኦላፍ ሻንጣ ያስፈልገዋል። ሻንጣው ደግሞ ግሌብስኪ እጅ ነው።

ለእኔ መጽሐፉ ከፍ የሚለው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ ቤታችን የመጣ ሰው «እንግዳ» ነው፤ አይተነው የማናውቀው ነገርም «እንግዳ» ነው። ግሌብስኪ ፊት የቆሙት በሁለቱም ትርጉም እንግዶች ናቸው። የሆቴሉ ባለቤት ስኔቫርና ሲሞኔ ሻንጣውን ስጣቸውና ይሂዱ እያሉ ይለምኑታል። እሱ ደግሞ በባንክ ዘረፋ የተጠረጠረን ሰው መልቀቅ አልችልም ይላል። ከሌላ ዓለም መጣሁ ያለ ሁሉ ሊታመን ነው እንዴ? ክፉ ሰው አይደለም። ሥራውን የሚያከብር ፖሊስ ነው። የሚያውቀው ሕግ ግን ለእንዲህ ያለ እንግዳ ቦታ የለውም። የዘርፉ መርማሪ ሁሌም በሎጂክ ያሸንፋል፤ እዚህ ግን ሎጂኩ ራሱ አሰረው። ፍትሐቱ የተደረገው ለዚህ ይመስለኛል።

በመጨረሻ ሁለቱ ሰዎች በጉልበት ይዘውት ሻንጣውን ለባለቤቶቹ ሰጡ። ረፍዶ ነበር። እንግዶቹ በበረዶው ላይ በስኪ እየሸሹ ሳለ የወንበዴዎቹ ሄሊኮፕተር ደርሶ ጨረሳቸው። ከዓመታት በኋላ ጡረታ የወጣው ግሌብስኪ ያደረገው ሁሉ በሕጉ መሠረት እንደነበር አሁንም ያምናል። ሕሊናው ግን እንደታመመ ነው።